የሠላሳኛው ፎቶ መግለጫ

ከሁሉ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። እኔ የድረ ገጽ ዲዛይነር ነኝ፤ የሠራሁትን ነገር ሰው ሲነካካብኝ አልወድም። ፊደሉ ይህን ያህል ይሁን ካልኩ ይህን ያህል ነው፤ ማንም በጣቱ ለጥጦ እንዳያሳድገው ቆልፈዋለሁ። ፎቶው ስምንት ሰከንድ ቆይቶ ይለፍ ካልኩ ያልፋል። ተመልካቹ ጠገበ አልጠገበ የሚለው እንቅልፍ አይነሳኝም ነበር። አንዲት መስመር ወደ ግራ ለመግፋት ግማሽ ቀን ስለምፈጅ የቢሮ ሰዎች «ሚሊሜትር» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሊያሾፉብኝ ነበር ያወጡት፤ እኔ ግን ኮራሁበት።

ያን ዓመት አንድ ቤተ መዘክር የድሮ ሠራተኞችን ሠላሳ ፎቶ ሰጠንና ሰው እየነካካ የሚያየው የድረ ገጽ ዐውደ ርእይ ሥሩልኝ አለ። ልብስ አጣቢዋ፣ ጫማ ሰፊው፣ ድልድይ ጠጋኞቹ፣ ሁሉም አሉበት። ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። ፎቶዎቹን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ተመልካቹ መሳቢያውን በማውስ ይዞ ይጎትታል፣ ፎቶው ብቅ ይላል፣ ስምንት ሰከንድ ይቆያል፣ ይመለሳል። ከሥሩ ያለችው ጽሑፍ ደቃቃ ነበረች፤ እንደዚያ ስትሆን ነበር የምታምር የመሰለኝ።

ቤተ መዘክሩ ግን ገጹን ማንኛውም ሰው ሊጠቀምበት መቻሉን የሚያረጋግጥ ፈታሽ ለሁለት ወር ይቀጠር አለ። ፈታሹ መጣና ከእኔ ትይዩ ተቀመጠ።

ረጅም፣ ፀጥ ያለ ሰው ነው። ሁለቱም እጆቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ይንቀጠቀጣሉ። እንደተቀመጠ የመጀመሪያ ሥራው ማውሱን ነቅሎ ወደ ዳር ማስቀመጥ ነበር።

«ማውስ አትጠቀምም?» አልኩት።

«ተጣልተናል» አለኝ።

ሃያ ደቂቃ ያህል በቁልፍ ሰሌዳው ብቻ ገጼን ሲነካካ ቆየ። እያንዳንዷን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ጣቱን ያሳርፍና ይጠብቃል። እኔ ሥራ የያዝኩ መስዬ በዓይኔ ጥግ እከታተለዋለሁ።

«ገጽሽ በጣም ያምራል» አለ በመጨረሻ።

«አመሰግናለሁ።»

«ደጅ ቆሜ ነው ያየሁት። አንድም መሳቢያ አልተከፈተልኝም።»

«እንግዲህ ለሁሉም ሰው አይሆንማ» አልኩ። ይህን ያልኩት እጆቹን እያየሁ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

እሱ ግን አልተቆጣም። ማስታወሻውን ገለጠና «ለስንት ሰው ነው የሚሆነው? ንገሪኝና ልመዝግበው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጭቅጭቅ ሆነ። እሱ መሳቢያው ቀርቶ ተራ ዝርዝር እንዲሆን ይፈልጋል፤ ፊደሉም የተለመደው ዓይነት ይሁን ይላል።

«ታዲያ የመድኃኒት ማዘዣ ነው የምንሠራው?» እለዋለሁ።

«የመድኃኒት ማዘዣ ቢያንስ ሰው ያድናል» ይለኛል።

አፌ ይዘጋል፤ ቤቴ ስገባ ነው መልሱ የሚመጣልኝ። ጠዋት ያንን መልስ ይዤ ስሮጥ እመጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለጭቅጭቅ ስሄድ ልብስ መምረጥ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ጉዴ የገባኝ።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ሰው አምጪልኝ። በጣም የሚወድሽ፣ ስለሚወድሽም የሚዋሽሽ ሰው።»

አባቴን አመጣሁለት። አባቴ ማተሚያ ቤት አርባ ዓመት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ፊደልን እንደ ሰው ፊት ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። የሠራሁትን ገጽ ሁሉ እልክለታለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ «ግሩም ነው፣ የኔ እናት» ይለኛል።

ፈታሹ ወንበር ስቦለት አስቀመጠው። አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ መነጽሩን ጠረገ።

«ግሩም ነው» አለ።

«አባባ፣ ከፎቶው ሥር ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው ፈታሹ በቀስታ።

አባቴ ቀና አለ። እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጉልበቱን። «ፊደሉ… ፊደሉ ያምራል» አለ።

«ይነበብልዎታል?»

«ማንበብ ካቃተኝ እንኳ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ አባቴ። «እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለገዛ አባቴ የተቆለፈ ነገር ስልክለት ኖሬያለሁ። ፈታሹ ተከትሎኝ ወጣ። «አይዞሽ» አላለኝም፤ አጠገቤ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስንመለስ አባቴ በሁለታችንም ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«አንተ ልጅ፣ ፊደሉን እንዳትነካብኝ። አንቺ ደግሞ፣ አሳድጊልኝ።»

ጭቅጭቃችንን የፈታው ይህ ነው። እሱ መሳቢያዎቹን ተወልኝ፣ እኔ መቆለፊያዎቼን ፈታሁ። መሳቢያው በማውስም፣ በጣትም፣ በቁልፍም እንዲከፈት አደረግን። ፎቶው ተመልካቹ እለፍ እስኪለው ይቆያል። ፊደሉ አራት እጥፍ አድጎም መልኩን እንዳያጣ ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ስሠራ ፈታሹ እሱም «ሚሊሜትር» እያለኝ ሻይ ያመጣልኛል። እንዳይፈስበት ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው። ግማሿን ስጨርስ ሳይባል ተነሥቶ ሌላ ግማሽ ይዞ ይመጣል። ስናገርም ስስቅም ያየኛል፤ ቀና ስል ዓይኑን ይሰብራል። እኔም ያው ነኝ።

የቀረን የፎቶዎቹ መግለጫ ነበር። ማየት ለማይችሉ ሰዎች ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላቸው አጭር ጽሑፍ ነው፤ ገጹ ላይ ግን አይታይም። እሱ ልጽፈው አለ።

«የማይታይ ከሆነ የፈለግከውን ጻፍ» አልኩት። እንዲህ ብዬ ነው ገደል የገባሁት።

መግለጫዎቹን ጨርሶ እንዳጸድቅ ላከልኝ። የማጸድቅበት መቆጣጠሪያ ገጽ ጽሑፉን አያሳይም፤ የፎቶውን ቁጥርና የመግለጫውን ርዝመት ብቻ ነው የሚያሳየው። ሃያ ዘጠኙ አረንጓዴ ናቸው፤ ሠላሳኛው ከልክ በላይ ስለረዘመ ቀይ ሆኗል። እኔ በዚያ ሰዓት ከአንዲት መስመር ጋር ትግል ላይ ነበርኩ። ከፍቼ ሳላየው እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ሁሉንም አይቻለሁ። የመጨረሻው በጣም ረዝሟል፤ ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በቀር ሌላውን አውጣው።»

«እሺ» ብሎ መለሰልኝ።

በማግስቱ ሻይ ቀረ። ሚሊሜትር ብሎ መጥራቱም ቀረ። የሚያናግረኝ ስለ ሥራ ብቻ ሆነ፤ ያውም በትሕትና፣ እንደ ባዳ። ምን አጠፋሁ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ዐውደ ርእዩ ተከፈተ፣ ሰዎች ወደዱት፣ የእሱም ሁለት ወር አለቀ። ሲሰናበተኝ እጆቹን ከኪሱ አላወጣም። «ደህና ሁኚ» አለኝ፤ በቃ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ወደ ሩቅ ከተማ ለአዲስ ሥራ እንደሚሄድ ከሰው ሰማሁ። «ይሂዳ!» አልኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

የዚያ ሰኞ ዋዜማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ነበርኩ። አባቴ ስልኩን ጆሮው አጠገብ ይዞ የዐውደ ርእዩን የሙከራ ገጽ ያዳምጣል። ለውጡን ሁሉ እንዲከታተል ብዬ፣ መግለጫዎቹ የመጡ ቀን እኔው ነበርኩ የጫንኩለት።

«እስካሁን አልጨረስክም?» አልኩት።

«በቀን አንድ ፎቶ ነው። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ማንም አያጣድፈኝም።»

«ይሄኮ አሮጌው ነው አባዬ፤ ስንት ጊዜ ለውጠነዋል።»

«አውቃለሁ፣ ላድሰው ወይ እያለ ይነዘንዘኛል። የጀመርኩትን ሳልጨርስ አይታደስም እለዋለሁ።»

ከዚያም ድምፁን ከፍ አደረገው። ያው ሰዓት የሚናገረው ደረቅ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፦

«ፎቶ ሠላሳ። አንዲት ልብስ ሰፊ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ፊቷ ስለማይታይ እኔ ትይዩዬ የተቀመጠችውን ሴት ፊት ሰጥቻታለሁ። ስትናደድ እርሳስ ትነክሳለች። ስታስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሚሊሜትር፣ ይህን ካንቺ ሌላ ሰው ሳይሰማው አጠፋዋለሁ። በአፌ ልነግርሽ ስንት ቀን ሞክሬ ፈራሁ። እወድሻለሁ። ካልፈለግሽ እንዳልሰማሽ ሆነሽ እለፊው፤ አልቀየምሽም።»

አባቴ ቁልፉን ተጭኖ እንደገና ከመጀመሪያው አስነበበው።

«ይሄ ልጅ ከልብስ ሰፊዋ ተነሥቶ የት ነው የገባው? ሚሊሜትር ደግሞ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

አባቴ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እና ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ረዝሟል፣ አውጣው አልኩት። ሳላነበው።»

«ልጄ» አለ፣ «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሳላነብ ያሳለፍኩት አንድ ገጽ የለም።» ከዚያ ደግሞ ጮክ አለ፦ «ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺ እንጂ!»

ፈታሹ የሚኖረው ታላቅ እህቱ ቤት ነው። እሷ ነች በሩን የከፈተችልኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሚሊሜትሯ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እህል በቅጡ ከቀመሰ ስንት ቀኑ። ዛሬ ደግሞ የምታስቆርጪው ነገር ካለ ቀድመሽ ለእኔ ንገሪኝ።»

«የለም» አልኳት። ዓይኔን ስታይ መንገዱን ለቀቀችልኝ።

ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኮ የመጻሕፍት ካርቶን በገመድ ያስራል። ቋጠሮው ከጣቱ ያመልጠዋል። እጄ ነጥቆ ሊያስር ተቁነጠነጠ፤ ያዝኩት። በሦስተኛው ቋጠረና ቀና ሲል አየኝ።

በመንገድ ላይ ቃላቴን መስመር በመስመር አሰናድቼ ነበር። አንዱም አልተገኘ።

«አልሰማሁትም ነበር» አልኩት። «ቀይ መሆኑን ነው ያየሁት። ርዝመቱን ብቻ።»

«ሁሉንም አይቻለሁ ብለሻል።»

«ዋሸሁህ። የማይታይ ስለሆነ ንቄው ነው።»

«አንቺ? ግማሽ ቀን ለአንዲት መስመር የምትሟገቺው?»

«እኔ። ዛሬ አባቴ ነው ያሰማኝ።»

ደም ከፊቱ ሸሸ። «አባባ ሰሙት?»

«ሁለት ጊዜ።»

ካርቶኑ ላይ ዘፍ አለና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ነገ እሄዳለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ» አለኝ።

«ሂድ። አትሂድ ልልህ አልመጣሁም። መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለውንም እኔ አልደነግግልህም። እወድሃለሁ ልልህ ነው የመጣሁት። ሌላውን አስብበት፤ እጠብቃለሁ።»

ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ረጅም ዝምታ አላውቅም። ከዚህ በፊት ቢሆን አንድ ነገር ተናግሬ እሞላው ነበር። ተውኩት።

«አንድ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

«በሌላው ቅዳሜ እኔ።»

ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ስናወራም ስንጨቃጨቅም አንድ ቀን እጁን ዘርግቶልኝ አያውቅም። አሁን ዘረጋልኝ።

«ይንቀጠቀጣል» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ይንቀጥቀጥ» አልኩትና ያዝኩት። ጠበቅ ግን አላደረግኩትም።