የሃምሳ አንድ ደቂቃ ጸጥታ

ፈትሂያ ጣሀ ሞታ የተገኘችው ማክሰኞ ረፋድ፣ አምስት ሰዓት ከዐሥር ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በምትሠራበት አነስተኛ ላቦራቶሪ ነው። ኢንስፔክተር ሸዋረጋ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ ከደሴ ስትደርስ ልጅቷ ከጠረጴዛው አጠገብ በጎኗ ተኝታ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ቁስል የለባትም፤ ሻሿ እንኳ አልተፈታም። ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ የብረት ጋን ቆሟል፤ ከአፉ ነጭ ጉም እየፈሰሰ ወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። ግድግዳው ላይ ያለው አየር ማውጫ ቬንትሌተር ይዞራል።

ሐኪሙ አየር አጥሯት ነው አለ። ጋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን የክፍሉን አየር ይገፋዋል፤ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ቬንትሌተሩ እየዞረ ግን እንዴት? ሸዋረጋን የቆረቆራት ይህ ነበር።

በግቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኪዳኑ፣ የዕቃ ክፍሏ ገበያነሽ፣ እና የፈትሂያ ባልደረባና እጮኛ፣ የሐርቡ ተወላጁ ሀፊዝ።

ገበያነሽ እያለቀሰች የምታውቀውን ተናገረች። ሐሙስ ይመጣል የተባለው ናይትሮጅን ሁለት ቀን ቀድሞ የዚያን ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ ደርሷል። የተረከቡት ፈትሂያና ኪዳኑ ናቸው፤ ከዚያም ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰምታለች።

ኪዳኑ አልካደም። ብቻዋን እንዳትሠራ ከልክሏት ነበር። እሷ ግን ውጤቱን እስከ ዓርብ መላክ ስላለባት እሺ አላለችም። የአየር ማነስን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ባትሪ ካለቀ ወር እንዳለፈውና ሳያስቀይር እንደቆየም ተናገረ።

«ምን ነበር የምትሠራው?» አለችው ሸዋረጋ።

«ኳንተም ኮምፒውተርን የምናዘው ማይክሮዌቭ በሚባል የሬዲዮ ሞገድ ምት ነው። መልሱም በማይክሮዌቭ ይመጣል፤ ግን እጅግ ደክሞ። ገበያ መሀል የሚንሾካሾክን ሰው እንደ መስማት ነው። ፈትሂያ የሠራችው የራሱን ጫጫታ ሳይጨምር ያንን ሹክሹክታ የሚያጎላ ማጉያ ነው። የሚፈተነው ደግሞ ናይትሮጅኑ በሚሰጠው ብርድ ነው።»

ስክሪኑን አሳያት። መሀሉ ላይ አንድ ረጅም መስመር ቆሟል፤ ግራና ቀኙን ሾህ የመሰሉ ጭረቶች ከበውታል። ፈትሂያ ከየት እንደሚመጡ ሳታውቅ ሦስት ሳምንት ተሰቃይታባቸዋለች። ከውጭ በአየር የሚገቡ መስሏት ስለነበር ሀፊዝ መከላከያ የመዳብ ሣጥን ሠርቶላታል።

ሀፊዝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ጫፍ ባለው ወርክሾፕ እንደነበረ፣ አምስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ገና ሲገባ ወድቃ አግኝቷት እንደጮኸ ተናገረ። ቬንትሌተሩም አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም አለ። ስለ ሣጥኑ ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ፣ «ቢያንስ ሾሁ ጠፍቶላት ነው የሞተችው» አላት።

ሸዋረጋ ይህን ጻፈችው።

በማግስቱ ፈትሂያ ወላጆቿ በሚኖሩባት ቢስቲማ ተቀበረች። ሸዋረጋ ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ዋለች። ናይትሮጅኑን አስወጥታ፣ በርና መስኮቱን አስከፍታ፣ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ያስቀመጠውን ምስል አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የቬንትሌተር ማብሪያ ሄዳ አጠፋችው። ተመልሳ ስክሪኑን አየች። አበራችው፤ ደግማ አየች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የልጃቸውን ዕቃ ሊወስዱ የመጡት ሸህ ጣሀም ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ።

«ሾሁ ከአየር አልመጣም» ብላ ጀመረች። «ከቬንትሌተሩ ሞተር ተነሥቶ በኤሌክትሪክ መስመሩ ነው የሚገባው። ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲበራ ይመለሳል። ማክሰኞ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ ሾሁ ጠፍቷል። አምስት ሰዓት ከሦስት ላይ ተመልሷል። ስለዚህ አንድ ሰው ለሃምሳ አንድ ደቂቃ ቬንትሌተሩን አጥፍቶት ነበር።»

ገበያነሽ ኪዳኑን አየችው።

«ናይትሮጅኑ መምጣቱን ዶክተሩ ያውቃል፤ ከእሷም ጋር ተጨቃጭቋል» አለች ሸዋረጋ። «እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ነገር ግን አምስት ሰዓት ከዐሥር ላይ የገባ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ሾሁን ነው፤ ከሰባት ደቂቃ በፊት ተመልሷልና። ፈትሂያ መጥፋቱን የጻፈችበት ደብተር ከሥሯ ነበር፤ እኔ ነኝ ያነሣሁት። እንግዲህ በመሀል ጠፍቶ እንደነበር ማን ሊያውቅ ይችላል? ያጠፋው ሰው ብቻ። ሀፊዝ፣ ሾሁ ጠፍቶላት እንደሞተች ነግረኸኛል።»

ሀፊዝ አልተከራከረም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ተናገረ።

ሾሁ ከቬንትሌተሩ እንደሚመጣ የደረሰበት እሑድ ዕለት ብቻውን ሲሞክር ነው። ሣጥኑ ከንቱ እንደነበር ገባው። ያፈቅራት ነበር፤ የሠራላት ነገር ዋጋ የለውም ማለቱ ከበደው። ለአንድ ጠዋት ብቻ ደስ ይበላት፣ ማታ እነግራታለሁ ብሎ ማክሰኞ ቬንትሌተሩን አጠፋው።

«ወላሂ ናይትሮጅኑ መምጣቱን አላወቅሁም። በበሩ መስታወት አየኋት። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ሳቀች። እንዳታየኝ ብዬ ሄድኩ።»

«ከአምስት ሰዓት ከሦስት በኋላስ? ሰባቱን ደቂቃ?»

«ተመልሼ መጥቼ ጉሙን ሳይ ገባኝ። ማብሪያውን ተጫንኩና ገባሁ። እጇን ይዤ ትተነፍሳለች ብዬ ጠበቅሁ።»

ሸዋረጋ ደብተሩን ለሸህ ጣሀ ሰጠቻቸው። የመጨረሻውን መስመር ጣታቸውን እያስከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት፦ «ሾሁ ጠፋ። የሀፊዝ ሣጥን ሠራ። አልሐምዱሊላህ።»

«ሥራዋ ውሸት ነው ማለት ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ አባቴ» አለ ኪዳኑ። «ሣጥኑ አልሠራም እንጂ ማጉያዋ እንዳሰበችው ሆኖ ሠርቷል። በነዚያ ደቂቃዎች የተመዘገበው መስመር እዚህ ቤት ካየነው ሁሉ የጠራ ነው።»

ሽማግሌው ደብተሩን ዘጉ። ከዚያ ወደ ሀፊዝ ዞሩ።

«ትናንት ከኔ ጋር አፈር አልብሰሃታል። ያን ጊዜም ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

ደብተሩን ብብታቸው ሥር ይዘው ተነሡ። «እንግዲያው ለእናቷ ራስህ ንገራት» አሉት። «እኔ አቅም የለኝም።»

ሸዋረጋ ወደ ደሴ ጣቢያ ልትወስደው ይገባ ነበር። መኪናዋን ግን ወደ ቢስቲማ መራች።

የፈትሂያ እናት ኡሙሰልማ ከለቀስተኞቹ መሀል ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማችው። ሀፊዝ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ሸዋረጋ ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። እናትየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስትወድቅ ብቻዋን ነበረች?»

«ብቻዋን ነበረች» አላት።

ኡሙሰልማ በሩን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ሸዋረጋም ካቴናውን ከኪሷ ሳታወጣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።