በሕፃኑ ጭንቅላት ላይ የተገኘው ቀዳዳ

ወር ያልሞላው ሕፃን ሞጣ ላይ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ሞተ። ራጁ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ቀዳዳ ስላሳየ፣ ሞግዚቷ ባንቺዓለም «ጥለሽ ሰበርሽው» ተብላ ታሰረች። ኢንስፔክተር ሰገነት ከቢቸና የተጠራችው ለዚህ ነበር። ሬሳውን አገላብጣ አየች። ጠጉሩ በተላጨበት ቦታ አንዲት ቀጭን ጭረት አለች፤ ጥቁር አዝሙድ ትሸታለች።

ከዚያ ወዲያ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ቤተሰቡ በ«እኔ እንጃ» ጨጓራዋን ላጠው።

«እትዬ፣ በእናቴ ሞት አልጣልኩትም» አለች ባንቺዓለም። «ትኩሳቱ ሳይነሳበት ፊት ትራሱ ርሶ ነበር።»

«በደም?»

«ኧረ ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ።»

እናቱ ሪሃብ እንባዋን እየጠረገች፣ «ሲወለድ ጀምሮ እባጭ ነበረው። ቢቸና ስወልድ ሐኪሙ ያነጋገረው አባቱን ነው፤ እኔ ራሴንም አላውቅ» አለች።

አባትየው አብዱራዛቅ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ «ደህና ነው ብሎኛል» ብሎ ዓይኑን ሰበረ።

የአብዱራዛቅ እናት ዑሙሰልማ ጋ ሰገነት ስትደርስ ደግሞ፣ አንዲት ጎረቤት ክንዷ ላይ የወጣ እባጭ ልታስበጣ መጥታ ወሬያቸውን አቋረጠችባቸው። ዑሙሰልማ ሲበጡላት ሰገነት ቆማ አየች። ወጥታም ቢቸና ሆስፒታል ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም፣ ባንቺዓለምንም ጭምር፣ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የተሰበረ አጥንት ጠርዙ ይሾላል። ይህ ቀዳዳ ክብና ልሙጥ ነው፤ ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ አጥንቱ አልገጠመም። እባጭ ያላችሁት በዚያ ክፍተት የወጣ የአንጎል ሽፋን ነው። ውስጡ መግል የለም፣ ውሃ እንጂ። አንድ ሰው በምላጭ በጣው፤ ውሃው ትራሱን አራሰው፣ ቁስሉ አመርቅዞ አንጎሉ ድረስ ገባ። የበጣውም ሰው ጥቁር አዝሙድ ቀባው።»

«እኔ ነኝ» አሉ ዑሙሰልማ። «ሲያለቅስ አሳዘነኝ። የሰፈሩን እባጭ ስበጣ አንድ ሰው አልሞተብኝም።»

«ይህች ልጅ ስትታሰር ምነው ዝም አሉ?»

«ወላሂ፣ የኔ እጅ መሆኑን መች አወቅሁ? ወድቆ ነው ሲሉ አመንኩ።»

ሰገነት ወደ አብዱራዛቅ ዞረች። ንዴቷን መዋጥ አቃታት። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። ሐኪሙ ‹ማንም እንዳይነካው፣ ለቀዶ ሕክምና ቶሎ ውሰዱት› ብሎዎታል። ዛሬ እሱው ነገረኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«የሰው አፍ ፈርቼ ነው» አለ አብዱራዛቅ አንገቱን ደፍቶ። «ጭንቅላቱ ክፍት ልጅ ወለደ እንዳልባል። ትንሽ ቆይቼ በድብቅ ልወስደው ብዬ...»

ዑሙሰልማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት። «ልጄ፣ ብትነግረኝ እነካው ነበር?»

«እኔስ?» አለች ሪሃብ። «እኔ እናቱ አይደለሁም?»

ሪሃብ ከባሏ ጎን ተነሥታ ባንቺዓለም አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።