ለአንዲት እጅ የተሞረደ ናስ

እ.ኤ.አ. በ1900፣ የኖቬምበር ሙቀት በቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት፣ በብራንስዊክ የሸክላ አፈር ጉድጓዶች ላይ ተኝቶ፣ ከጡብ እቶኖቹ የሚወጣው ጢስ እንኳ ወደ ላይ መውጣት ሰንፎ ሳለ፣ ከተማው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ይነጋገር ነበር፤ ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ተባብረው አንድ አገር ሊሆኑ ነው። የኤኖክ ታምስ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ይህ ሰው በስታፎርድሺር ተወልዶ በመርከብ ወደ ቪክቶሪያ የተሻገረ፣ በሚስተር ላይትባውን ሸክላ ቤት የእጀታ ሠሪዎች አለቃ ሆኖ ያረጀ፣ ሲናገር ቁጥብ፣ ሲቀልድ ግን ማንንም የማይምር ነበር።

ያሳሰበችው ሚስቱ ኬዝያ ናት። በወጣትነቷ ባገራቸው ሸክላ ቤት ዕቃውን እርሳስ የተባለው ማዕድን ባለበት ቅብ ውስጥ ስትነክር ኖራ፣ መርዙ ቀስ በቀስ የእጇን አቅም በላው፤ ባለፈው ፋሲካ በሚሄዱበት ጸሎት ቤት የሻይ ማዕድ ላይ ኩባያው ከእጇ አምልጦ በሰባኪው ሚስት ቀሚስ ላይ ተደፋ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ሻይ አልጠጣችም፤ ኋላም ወደ ማዕዱ መሄዱን ራሱን ተወች። ሰው የምትወድ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን ቤቷ ተቀምጣ የሌሎችን ሳቅ በመስኮት ስትሰማ ኤኖክ ያያት ነበር።

«ሰፊ እጀታ ያለው ኩባያ ልሥራልሽ» አላት አንድ ማለዳ።

«የበሽተኛ ኩባያ? ሰው ሁሉ እያየኝ? ተወኝ እባክህ።»

«ማን ያይሻል?»

«እህትህ ድሩሲላ ታየኛለቻ። ድሩሲላ ካየች ደግሞ ሲድኒ ድረስ ይሰማል።»

ኤኖክ ሳቀ፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። በማግሥቱ ትንሽ ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና፣ ኬዝያም ያንኑ ሙያ ታውቅ ነበርና፣ እንደ ባልደረባ ምክር ጠየቃት።

«እስቲ ይኼን ጨበጥ አድርጊው፤ ለመጭመቂያው ይሆናል?»

ኬዝያ ጨበጠችው። «ረጥቧል። አረጀህ መሰለኝ፤ ጭቃ ማቡካት ጠፋህ።»

«አርጅቻለሁ» አለና፣ የጣቶቿ ቅርጽ የቀረበትን ጭቃ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ይዞ ወጣ።

በሸክላ ቤቱ እጀታ የሚሠራው በመጭመቂያ ሳጥን ነበር፤ ጭቃው በብረት ሳጥን ይሞላል፤ ከላይ ያለው ጥምዝ ብረት ሲዞር ጭቃው ከታች፣ ሠራተኞቹ «አፍ» በሚሏት፣ መካከሏ በተበሳ የናስ ዝርግ በኩል ይወጣል፤ የቀዳዳውን ቅርጽ ይዞ እንደ ቀበቶ ይረዝማል፤ ያንን ቆርጠው፣ ቆልምመው፣ ኩባያው ላይ ይለጥፉታል። ኤኖክ የጭቃውን አሻራ ከፊቱ አስቀምጦ አዲስ አፍ ሞረደ፤ እጀታው ሰፊ እንዲሆን፣ የደከመ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ በመካከሉ እንዲኖር፣ ጣቶች እንዳያመልጡ ግራና ቀኙ ከፍ እንዲል አድርጎ። የመጀመሪያው ጭቃ ጠርዙ እንደ መጋዝ ተሸራርፎ ወጣ፤ ጭቃው መካከል ላይ ሲፈጥን ጠርዝ ላይ ይጎተታልና። ናሷን ገልብጦ የቀዳዳውን ማዕዘኖች ከበስተጀርባ አሳሳቸው፤ ዘይት ቀባና እንደገና አዞረ፤ ጭቃው ለስልሶ ወረደ። ኤኖክ ደስ ብሎት ብቻውን አፏጨ።

የቀረው ሚስተር ላይትባውን ነበር፤ ለአዲሱ ዓመት ማዕድ የጸሎት ቤቱን ኩባያዎች በሙሉ ሊያሠራ ቃል የገባ እርሱ ነውና።

«ወንድም ታምስ፣ ይህ የኩባያ እጀታ ነው ወይስ የጋሪ?» አለ ናሷን እያገላበጠ።

«የኬዝያ ነው፣ ጌታዬ። ሁሉንም በዚህ ላውጣቸው።»

ላይትባውን ያን ፋሲካ በማዕዱ ነበረና ናሷን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ለእርሷ ብቻ ብትሠራላትስ?»

«ለእርሷ ብቻ ከሆነ አትነካውም። የሁሉም እጀታ አንድ ከሆነ ግን ማን ማንን ያያል?»

«ጭቃ ይበላል።»

«ይበላል፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ይብላ» አለና ናሷን መለሰለት።

በአዲስ ዓመት ቀን ደወሎች ሲደወሉ ድሩሲላ የወንድሟን ቤት ሳታንኳኳ ገባች። «አገር ሲወለድ አንቺ ካልሲ ልትጠግኚ ነው? ተነሽ፣ ባርኔጣሽን አድርጊ» ብላ ኬዝያን እየጎተተች ወደ ጸሎት ቤቱ ማዕድ ወሰደቻት። ኬዝያም ላትጠጣ ቆርጣ፣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ሸሽጋ ተቀመጠች። ሻይ ተቀዳ።

«ይኼ ምን ዓይነት እጀታ ነው?» አለች ድሩሲላ። «አራት ጣቴን ዋጠው እኮ። ላይትባውን ጭቃ ተርፎት ነው?»

ኬዝያ የራሷን ኩባያ አየች፤ የድሩሲላን አየች፤ ከዚያም ጠረጴዛውን እስከ ዳር ድረስ ቃኘች፤ ሁሉም አንድ ነበር። እጇን አወጣች፤ ጣቶቿ ገቡ፤ አውራ ጣቷ በጎድጓዳው ላይ አረፈ፤ ኩባያው ከጠረጴዛው ተነሣ። ጠጣች። ኤኖክ ማዶ ተቀምጦ ኬክ የሚመረምር መስሎ አቀርቅሮ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶታል።

«እኔስ ተመችቶኛል» አለች ኬዝያ። «ድገሙኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዱን ይዛ፣ «መቼ ነው እጄን የሰረቅኸኝ?» አለችው።

«ረጥቧል ያልሽኝ ዕለት።»

«ረጥቦ ነበር እኮ።»

ከእነዚያ ኩባያዎች አንዱ ዛሬ በአንድ ቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊቃውንቱም በእጀታው ላይ ያሉት ሁለት ከፍ ያሉ ጠርዞች ቅኝ ግዛቶቹን ያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ያመለክታሉ ብለው ጽፈውበታል፤ በዚያ ዘመን የቪክቶሪያና የኒው ሳውዝ ዌልስ ሐዲድ ስፋቱ እንኳ እንደማይገጥም ማን ባስታወሳቸው። ታሪክ ትልቅ ትልቁን ማየት ስለ ለመደ አይፈረድበትም። ስድስት ግዛቶች አንድ አገር የሆኑበት ቀን በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ ኬዝያ ታምስ ወደ ሰው የተመለሰችውም በዚያው ቀን ነበር።