የመምህር ላቀው የመጨረሻ ሂስ

መምህር ላቀው እሑድ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከተከራየው ቤት የሲሚንቶ ደረጃ ሥር በጀርባው ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ስልኩ ደረቱ ላይ ነበር። ኢንስፔክተር አደይ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህንኑ ስልክ ነው።

«ከደረጃ የሚወድቅ ሰው ስልኩን ደረቱ ላይ አስተካክሎ አያስቀምጥም» አለች።

አለቃዋ ኮማንደር ደረሰ ሰዓቱን አየ። «አድጦት ይሆናል። ጻፊና እንሂድ።»

«የአሻራ ባለሙያው ከባሕር ዳር ይምጣ፣ ኮማንደር።»

«በምን ይመጣል? ከሐሙስ ጀምሮ መንገዱ ዝግ ነው።»

አደይ ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቆይ መንገድ ሲከፈት ባለሙያ የለም፣ ባለሙያ ሲገኝ መንገድ የለም።

ላቀው የፊዚክስ መምህር ቢሆንም አገሩ የሚያውቀው በቴሌግራም ቻናሉ ነበር። ባህላዊ በለው፣ ሬጌ በለው፣ ሂፕ ሆፕ በለው፣ አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ሳይራራ ይተቸዋል። እሱ ያጣጣለውን ዘፋኝ ከቡሬ እስከ ዱርቤቴ ለሠርግ የሚጠራ አይገኝም። የመጨረሻው ሂሱ ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው የወጣው፤ ገና ስላልተለቀቀው የዘፋኟ የያምሮት አልበም። «ከቡሬ ተነሥተን ማንኩሳ ስንደርስ ሦስተኛው ዘፈን ያዘን» ይላል። «ኪቦርዱ ሲገባ ሁሉም ጸጥ አለ። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነው።»

ቅዳሜ ወደ ላቀው ቤት ስትገባ የታየችው ራሷ ያምሮት ነበረች። አደይ ጣቢያ አስጠራቻት።

«ስንት ሰዓት ላይ ሄድሽ?»

«ስምንት ሰዓት። አልበሜን ሰምተውት እንደሆነ ልጠይቃቸው ነበር። ‹መንገዱ ሲከፈት ነው የምሰማው› አሉኝ፤ ተመለስኩ።»

ኮማንደሩ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ሳይሰማ ነው እንዴ ዐሥር ሰዓት ላይ ያወደሰሽ? ውሸታም! የመጀመሪያውን አልበምሽን ምን ብሎት ነበር?»

«‹ማንኩሳ ሳንደርስ ወሬው ተጀመረ› ብለው ጻፉ። ዓመት ሙሉ ማንም አልጠራኝም።»

«ቂምሽ ይኸው!» አለና እንድትታሰር አዘዘ። አልበሙ ሊወጣ የቀረው ስምንት ቀን ነው። አደይ ብትከራከርም ኮማንደሩ ጆሮ አልሰጣትም።

አልበሙን ያቀናበረው ዘሚካኤል ስቱዲዮው ውስጥ አገኛት። ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ያሳተማቸውን ሁለት አልበሞች ላቀው አፈር ድሜ አስግጧቸዋል።

«አልቀየምኩትም፤ ጓደኛዬ ነበር» አለ። «ስለ ሦስተኛው ዘፈን ኪቦርድ የጻፈውን አየሽው?»

«ማን ነው የተጫወተው?»

«እኔ ነኝ።»

«አልበሙ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል?»

«በፍጹም! ዘንድሮ ዘፈን ሳይወጣ ይሰረቃል። ከዚህ ቤት የወጣችው አንዲት ፍላሽ ብቻ ናት። ማክሰኞ ለላቀው በእጄ ሰጠሁት።»

«ቡሬ፣ ማንኩሳ የሚለውስ ነገር?»

ዘሚካኤል ሳቀ። «ማጣፈጫ ነዋ! ሁሌም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። የፊዚክስ አስተማሪ ቅኔ ሲያምረው።»

አደይም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማጣፈጫ ይመስላት ነበር። የላቀውን ክፍል ስትፈትሽ ፍላሹን አጣችው። አልጋው ሥር ግን በሚኒባስ ትኬት የታጨቀ የጫማ ካርቶን አገኘች። በትኬቶቹ ጀርባ በእስክሪብቶ ተጽፏል። «ሬጌው፦ ማንኩሳ ላይ ሁለት ሴቶች ተኙ።» «ሂፕ ሆፑ፦ አንድ ሽማግሌ ቀንሱልን አሉ፤ አራተኛው ላይ ግን እግራቸውን አወዛወዙ።» ሁሉም ከቡሬ የተቆረጡ፣ ሁሉም የቅዳሜ፣ ሁሉም የአንድ መኪና። ያለፈው ቅዳሜ ትኬት ግን የለም።

የመኪናውን ሾፌር የገነነን ስልክ አፈላልጋ ደወለችለትና ሁለት ጥያቄ ጠየቀችው። መልሱን ይዛ ኮማንደሩ ዘንድ ስትሮጥ «በስልክ የተባለ መዝገብ ላይ አይሰፍርም» አላት። ሁለት ቀን ሙሉ በንዴት እንቅልፍ አጣች። መንገዱ ረቡዕ ተከፈተ።

በዚያው ዕለት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ በቆመው በገነነ ሚኒባስ ውስጥ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ያምሮት እጇ በካቴና ታስሯል፣ ዘሚካኤል በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ ኮማንደሩ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሽ ገነነ፣ መምህር ላቀው አልበም የት ነበር የሚሰሙት?»

«እዚቹ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ይመጡና የኋላ ወንበር ይይዛሉ፤ እኔ ፍላሹን እሰካለሁ። ተሳፋሪው የት ጋ ወሬ እንዳቆመ፣ የት ጋ እንደ ጀመረ ይጽፋሉ። ‹የኔ ጆሮ ያዳላል፣ የመንገደኛ ጆሮ አያዳላም› ነበር የሚሉ።»

«ያምሮት ይህን ታውቃለች?»

«ኧግ! የመጀመሪያ አልበሟን ስንሰማ አብራን ነበረች። ሰው ወሬ ሲጀምር አልቅሳለች።»

አደይ ወደ ኮማንደሩ ዞረች። «ስለዚህ ያምሮት እውነቷን ነው። መንገዱ እስኪከፈት መምህሩ መስማት አይችሉም። ቅዳሜ ከቡሬ አንድም መኪና አልተነሣም፤ ሂሱ ግን ከቡሬ ተነሣን ይላል። የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ሰውየው ስልኩን በሟቹ አውራ ጣት ከፍቶ ደረቱ ላይ መለሰው። ያምሮት ብትሆን ኖሮ መኪና በሌለበት ቀን መኪና አታስነሣም ነበር። ያን የሚሳሳተው መንገዱ ማጣፈጫ የሚመስለው ሰው ነው።»

ዘሚካኤል ቀና አለ። «ቤቱ ሰምቶት ቢሆንስ? ፍላሹ እጁ ላይ ነበር!»

«ጋሽ ገነነ፣ ፍላሹ የት ነው?»

ገነነ ከፀሐይ መከላከያው ሥር አወጣው። «ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ቡሬ ለጉዳይ መጥተው እኔ ጋ አስቀመጡት፤ ቅዳሜ እንሰማዋለን ብለን። እኔም ቡሬ ቆሜ ሰነበትኩ።»

«ሌላ ቅጂ የለም ያልከኝ አንተ ነህ» አለች አደይ። «ላቀው ያልሰማውን የሦስተኛውን ዘፈን ኪቦርድ የሚያወድስ ከተጫዋቹ ሌላ ማን አለ?»

ዘሚካኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሁለት መልካም ቃል ብቻ ነው የለመንኩት። ‹አልሰማሁትም› አለኝ። ሰምቶ ሊጥለኝ መሰለኝ። ገፋሁት… አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እውነት ነበር። አልሰማውም።»

ኮማንደሩ ካቴናውን ከያምሮት ፈትቶ ዘሚካኤልን አሰረ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቃትም። አደይ ደሟ ፈላ።

ያምሮት አልወረደችም። «ምን ይሉኝ ነበር?» አለች።

«ማንም አያውቅም» አለች አደይ። ከዚያም «ኮማንደር፣ ፍላሹን ማታ አስረክባለሁ» ብላ የቡሬ ትኬት ቆረጠችና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ተሳፋሪው ሞላ። ገነነ ፍላሹን ሰካ። ሰዉ ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገዱ መዘጋት እየተማረረ ሄደ። ሦስተኛው ዘፈን ሲመጣ አንዱ ከፊት «ቀንሰው» አለ። ማንኩሳን ሲያልፉ አምስተኛው ተጀመረ፤ ድምፅና ማሲንቆ ብቻ። ወሬው ተቋረጠ። ዘፈኑ እስኪያልቅ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ቡሬ ሲደርሱ አደይ ትኬቷን ለያምሮት ሰጠቻት። ጀርባው ላይ «አምስተኛው ላይ ዝም አሉ። ሦስተኛው ላይ ኪቦርዱ ድምፅሽን ዋጠው» ይላል።

ያምሮት ሁለቴ አነበበችው። «እኔም እኮ ለዘሚካኤል ነግሬው ነበር» አለችና ትኬቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።