ሞተሩ ይጥፋና ልንገርዎት

አክስቷ ልትገዛው የመጣችውን መኪና የወንበር ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስባ አወጣችና አሸተተችው። ጭቃ የለውም፤ ጎርፍ ገብቶት የወጣ መኪና ሽታም የለውም። የሚፈተሹትን ነገሮች ከዘረዘረችበት ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል።

ቀዳጇ ከአክስቷ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ይህን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አፏን ከከፈተች ድመቱ አንበሳ፣ ኩሬው ባሕር ይሆናልና። አንዴ የቤት ሥራዋን ንፋስ እንደወሰደው፣ ንፋሱም ራሱ ሠርቶ እንደመለሰው ለሒሳብ መምህሩ ስትነግረው፣ መምህሩ «እንግዲያው ንፋሱ ሦስተኛውን ጥያቄ ስቷል» ብሏታል። ዛሬ ግን ሆዷ ውስጥ ያለው እውነት ነው፤ እሱን ደግሞ ላትናገር ቃል ገብታለች።

ቃል ያስገባቻት አንድ ዴስክ የምትጋራት ጓደኛዋ፣ የሻጩ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ የአባቷ መኪና ቆሞ ሲቆይ እንደሚንበረከክ እየሳቀች ነግራት ነበር። ያንን ውድ መኪና የሚሸከሙት በአየር የተሞሉ አራት የላስቲክ ከረጢቶች ናቸው፤ አንዱ ተበስቷል። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ፓምፑ አየር ይተካል፤ ሲጠፋ ግን መኪናው ቀስ እያለ በአንድ ጎኑ ቁጭ ይላል። ገዢዋ የቀዳጇ አክስት መሆኗን ስትሰማ ታዲያ የልጅቱ ሳቅ ጠፋ።

«በናትሽ እንዳትናገሪ። አባዬ ከኔ እንደወጣ ካወቀ ተበላሁ።»

አክስቷ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሰው ታክሲ ስትነዳ ኖራ፣ ገና አሁን በራሷ መኪና የሆቴል እንግዶችን ልታመላልስ ነው። መንገድ ላይ አንዴ ቢንበረከክባት ሥራዋም አብሮ ይንበረከካል።

የዘይቱ ክዳን ተከፍቶ ታየ። የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተው በሥርዓቱ ጠፉ። ጣሪያው የውኃ እድፍ የለውም፤ ማርሹም ሲቀየር አላንገራገረም። ሻጩ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አንድ መስመር በተሰረዘ ቁጥር ፈገግታው እንደ ጣቃ ይዘረጋል። ወረቀቱ አለቀ። አክስቷ ውሉን ልትፈርም እስክሪብቶ አወጣች።

ቀዳጇ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ የአያቴን መኪና ታሪክ ሰምተው ያውቃሉ?»

ነጋዴው አልሰማም ነበር።

«ሞተሩ ይጥፋና ልንገርዎት። በዚህ ድምፅ አይጥምም።»

ሰውየው አመነታ። አክስቷ ግን ይህቺ ልጅ ካልተሰማች እንደማትለቃቸው ነግራው፣ እጇን በመስኮቱ ሰደድ አድርጋ ሞተሩን አጠፋችው።

ያኔ ቀደደችው። የአያቷ መኪና ጨዋ ከመሆኗ የተነሣ ክላክስ አታሰማም፤ ትስል ነበር። ወንበሯ ከመለስለሱ የተነሣ አንድ ወፍራም ዳኛ ተቀምጦባት ሰምጦ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን መነጽሩን እየጠራረገ ከኋላ በሻንጣ ማስቀመጫው ወጣ። ቤንዚን አልቆባት አያቷ ጀሪካን ይዘው ማደያ ቢሄዱ፣ መኪናዋ ቀድማቸው ሰልፍ ይዛ አገኟት። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰዓቱን ሊያይ ባለ ቁጥር ዳኛውን መልሳ አመጣችበት። በቤታቸው በረንዳ ላይ የቆመችው ጓደኛዋ ብቻ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ከአባቷ ጀርባ መኪናው ላይ ነበር።

ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። አክስቷ እየሳቀች ሳለ መኪናው በአንድ ጎኑ ዘንበል ማለቱን አየች። ወደ መኪናው ተጠጋችና ከኋለኛው ግራ ጎማ በላይ ባለው ክፍተት ጣቷን ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። በቀኙ በኩል ግን እጇ እስከ አንጓዋ ገባ።

«መኪናዎም ታሪኩን ቁጭ ብሎ ነው የሰማው» አለች ረጋ ብላ። እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

ነጋዴው መኪናውን አየ፤ ቀዳጇን አየ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና የሚቆጣበት ነገር አጣ። ልጅቷ ስለ እሱ መኪና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ጓደኛዋ የበረንዳው ደረጃ ላይ ጠበቀቻት።

«ነገርሻት እንዴ?»

«አልነገርኳትም» ማለት ይበቃ ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ከዚያ ይበልጥ የሚያምሩ ሰባት ስምንት መልሶችም ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል። አክስቷ ከመንገዱ ማዶ ተጣራች። ቀዳጇ እንድትጠብቃት በእጇ ምልክት ሰጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጠጋ ብላም ለጓደኛዋ ቦታ ለቀቀችላት።

«አልነገርኳትም» አለች። «ሞተሩን ያስጠፋሁት ግን ሆን ብዬ ነው።»

ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረችም።