ባለድርሻዋ

ባሏ ከሞተ ጀምሮ የባሏ ወንድም ኮረብታው ላይ እግሯን አላስረገጣትም። «ሴት ባሏን ትቀብራለች እንጂ መሬት አትካፈልም» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ኮረብታው ግን የሁለቱ ወንድማማቾች ነበር፤ የባሏ ግማሽ የእሷ ነው። አሁን ወርቅ ተገኘበትና ሰውየው የቁፋሮ ፈቃድ ሊያወጣ ሌሊቱን ወደ ከተማ ወጥቶ ሄደ። ሕጉ አመልካቹ መሬቱ ላይ ድርሻ ያለውን ሁሉ ሹሙ ፊት ቀርቦ በገዛ አፉ ይናገር ይላል። «ማንም የለም» ካለና ፈቃዱ ከወጣ፣ እሷ አበቃላት።

በቅሎ ነጂ ይዛ ተከተለችው።

በረሃው በአውሎ ነፋስ ተቀበላቸው። አሸዋው ፊት ይልጣል፤ በቅሎዋ ትወድቃለች፣ ትነሣለች።

«እትዬ፣ እንመለስ! ፊታችን ሞት ነው!»

«ከኋላዬስ ምን ያለ መሰለህ? ንዳ!»

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሰውየው ታንኳ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረውን ገመድ እየሳበ መሃል ደርሷል። አያት፣ ሣቀባት። እንዳትከተለው ብሎ ገመዱን ከኋላው በካራ በጠሰው። የሞኝ ሥራ! ገመዱ ሲላላ ጎርፉ ታንኳውን አሽከርክሮ ደፋው። ሰውየው በእሷ በኩል የቀረውን ቁራጭ ገመድ ይዞ ተንጠለጠለ።

«እህቴ! ሳቢኝ!»

«ዛሬ ገና እህት ሆንኩ?»

አዞ እግሩን ነከሰው። ጩኸቱ ገደሉን ሞላው። በቅሎ ነጂው ገመዱን ሊይዝ ሲሮጥ በክንዷ አገደችው።

«ኮረብታው የማን ነው?»

«የሁለታችን! የሁለታችን ነው!»

ያኔ ገመዱን በቅሎዋ ላይ አስረው ሳቡ፤ በቅሎ ነጂው አዞውን በድንጋይ ወገረው። ሰውየው እግሩ ተዘልዝሎ ወጣ። እንዳይሞትባት በመቀነቷ ጭኑን ጥፍር አድርጋ አሰረችው። በቅሎዋ ላይ ጭነውት፣ ርቀው ዞረው ውሃው በሚሳሳበት በላይኛው መልካ ተሻግረው ከተማ ገቡ።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤቱ ይኸውና!»

«አየሁት። እለፍ።»

ሹሙ ሰውየውን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። ደሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ይሄ እየሞተ ነው እኮ!»

«አዎ፤ ሳይሞት ይጠይቁት።»

ሹሙ መዝገቡን ገለጠ። «በመሬቱ ላይ ሌላ ባለድርሻ አለ?»

«ግማሹ የእሷ ነው። አሁን ውሰጂኝ፣ በእናትሽ!»

በሩን ዘጋች፤ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። ሹሙ ጽፎ ማኅተሙን እስኪያሳርፍ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

«ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት እግሩ ይተርፍ ነበር» አላት ሐኪሙ በኋላ።

«አውቃለሁ» አለች።