ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ

ቁጥራቸው የኤምባሲው ሰሌዳ ላይ ሲበራ የሚጡ አባት ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈ። የሰነዱን ማቀፊያ ብብቱ ሥር ሸጎጠና «ነይ አንደበቴ፣ ተጠራን» አላት።

አንደበቴ የሚላት ለቁልምጫ ብቻ አይደለም። አባቷ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ነው። ከዚህ አገር ቋንቋ የሚያውቀው ለብሎንና ለቺንጋ የሚበቃውን ያህል ነው። እናቷ ደግሞ ቤት ውስጥ ልብስ ስለምትሰፋ የምታውቀው ከዚያም ያንሳል። ሐኪም ቤትም ሆነ ቤት አከራይ ዘንድ የምትናገረው ሚጡ ናት። በወላጆች ስብሰባ ላይ እንኳ መምህሯ ስለ ወሬኛነቷ ያሉትን ለአባቷ የተረጎመችው ራሷ ናት፤ ትንሽ አሳጥራ።

ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችውን ሚጡ ወዲያው አወቀቻት። ያቺው ሴትዮ ናት።

ባለፈው ጊዜ ሴትዮዋ ገና ሳይጀመር አስጠንቅቃት ነበር። «የሚሉትን ብቻ ተርጉሚ። ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።» ሚጡም እንደታዘዘችው አደረገች። ጉብኝታችሁን ስትጨርሱ ወደዚህ አገር ትመለሳላችሁ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አባቷ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ካለ» አለ። እሷም ምንም ሳትቀንስ፣ ምንም ሳትጨምር አቀበለች። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸውና አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ለመመለሳችሁ እርግጠኛ መሆን ስላልቻልን ቪዛ አንሰጥም የሚል። ለቤተሰቡ ያነበበችው ሚጡ ናት። አባቷ ግራ ገብቶት «ምን ብለናቸው ነው?» ሲል ምን እንዳሉ ታውቅ ነበር። ግን አልነገረችውም።

አባቷ እንደዚያ ነው። ነገ ለሚሆን ነገር እግዜርን ሳያስቀድም ቃል አይሰጥም። ማሽን ሲቆም አለቃው እየጮኸ ቢመጣ እንኳ «እግዜር ካለ ከምሳ በፊት ይነሳል» ይላል፤ ይነሳልም። የተከለከሉት ወረቀት ጎድሎ መስሎት ስለነበር ከፋብሪካው፣ ከቤት አከራዩና ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ሲለምን ሰነበተ። ከዚህ በፊት ተከልክላችኋል ወይ የሚለው የቅጹ ጥያቄ ላይም «አዎ በይ፤ ምን እንደብቃለን» ብሏት እንደገና አመለከቱ። ማቀፊያው አሁን ክዳኑ አልገጥም እስኪል ሞልቷል። ሚጡ ባየችው ቁጥር ዓይኗን ታሸሻለች። ችግሩ ማቀፊያው ውስጥ አልነበረም።

ቀልድ ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር። ግን አያቷ አሉ። የእናቷ እናት ከአክስቷ ጋር ይሄ ኤምባሲ የሚወክለው አገር ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ እናቷ «እማዬ» ስትላቸው ቆየት ብለው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። እናቷ ማን እንደሆነች ረጋ ብላ አስረዳች፣ ስልኩን ዘጋች፣ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ማጠብ ጀመረች። በዚህ ዕረፍት ካልሄዱ የሚያውቃቸው ሰው ላይጠብቃቸው ይችላል።

ምስጢሯን የነገረችው ለጎረቤታቸው ለታክሲ ሹፌሩ ብቻ ነው። ያልከለከለው ኤምባሲ ስለሌለ ሰፈሩ ሁሉ «አምባሳደሩ» ይለዋል። ትናንት ደረጃው ላይ አስቆማት።

«ስሚኝ ሚጡዬ» አላት። «የእነሱ ኮምፒውተር ውስጥ አዎ አለ፣ አይ አለ። እግዜር ካለ የሚል ሳጥን የለም። አባትሽ የፈለገውን ይበል፣ አንቺ አዎ በያቸው። በምን ያውቃል?»

በምን ያውቃል። ሚጡን ያስፈራት ይሄ ነው። አባቷ አያውቅም። በእሷ አፍ የሚወጣውን ሁሉ የራሱ ነው ብሎ ይቀበላል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «አይዞሽ፣ እኔ ያልኩትን ነው የምትይው፤ ምን ያስፈራሻል?» ብሏት ነበር።

ሴትዮዋ ማይክሮፎኑን አበራች። ስለ ሥራው፣ ስለ ደመወዙ፣ የት እንደሚያርፉ ጠየቀች። ሚጡ እየተቀበለች ተረጎመች፤ ድምጿ ግን የራሷ አልመስል አላት። እናቷ ከኋላ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛታለች። ሴትዮዋ ደብዳቤዎቹን ገለበጠች፣ የቀድሞውን ማመልከቻ አወጣች፣ ከዚያም የተፈራው ጥያቄ መጣ።

ሚጡ ለአባቷ አስተላለፈች። እሱም መልሱን ለማግኘት አልተቸገረም።

«እግዜር ካለ።»

አፏ ውስጥ «አዎ» የምትለዋ ቃል ተዘጋጅታ ነበር። አጭር ናት፤ ብትወጣ ሁሉም ያልቃል። ሚጡ ወደ አባቷ ዞር አለች። መስታወቱን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው፤ አደራ እንደሰጠ ሰው፣ ያለ ሐሳብ።

«እግዚአብሔር ከፈቀደ ይላል» አለች በአገሩ ቋንቋ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሚጡ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጇን አወጣች።

«ከራሴ መናገር እችላለሁ?»

«ደንቡን ነግሬሻለሁ።»

«አዎ፣ ነግረውኛል። እሱ ያለውን ጨርሻለሁ። ይሄ የእኔ ነው።» ወደ መስታወቱ ተጠጋች። «ጠዋት ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ ሲነሳም እንደዚሁ ይላል። ያላደረሰኝ ቀን የለም። እኔ የምፈራው ሳይል ሲቀር ነው።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ የሚጡን አባት አየችው፣ መልሳ አጠለቀችውና ማይክሮፎኑን አጥፍታ መጻፍ ጀመረች። ምን እንደምትጽፍ ከመስታወቱ ወዲህ አይታይም።

አባቷ ወደ ሚጡ ጎንበስ አለ። «እኔ ያልኩት ሁለት ቃል ነው። ምን አስረዘመው?»

«ከራሴ ጨምሬ ነው፣ አባዬ።»

«ምን ብለሽ?»

ውጪ እነግርሃለሁ ልትለው አሰበች። ውጪ ሲሆን ግን መልሱ ታውቋል፤ ከተፈቀደላቸው መናገሩ ቀላል ይሆናል፣ ከተከለከሉ ደግሞ ጨርሶ ላትደፍር ትችላለች። እስክሪብቶው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

«ከባለፈው ልጀምርልህ» አለችና ወደ ጆሮው ተጠጋች።